ትንሿ ላፕቶፕ ትልቁን ሞኒተር አላይ ስትል

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራባት ላፕቶፕ ስክሪኗ 11.6 ኢንች ብቻ ነው። ያገለገለች ናት። ስገዛት እንደ ዊንዶውስ ያለ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም ተጭኖባት ነበር፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት። ለማመልከቻ፣ ለውል፣ ለትምህርት ቤት ፈተና ትበቃኝ ነበር። ትልቅ ሞኒተር ያስፈለገኝ አንድ መሪጌታ የቅኔ ደብተራቸውን ይዘው የመጡ ቀን ነው።

የኔታ በዋሸራ ቤት ቅኔ የተማሩ ናቸው። ለዓመታት በእጃቸው የጻፉትን ለተማሪዎቻቸው ማሳተም ፈልገዋል። ዓይናቸው ግን ደክሟል። እኔ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ፊደል በፊደል ማየት አለባቸው። ቅኔ ላይ ደግሞ ፊደል ቀላል ነገር አይደለም። በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ እንደምትወጣው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ የሚሠራው ሥራ ነው። የኔታ ወደ ትንሿ ስክሪን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይች ማናት? ንጉሡ ናት እሳቱ?» ይሉኛል። እኔ እመልሳለሁ። ግን በእኔ ቃል ብቻ እንዲያምኑ አልፈለግሁም። ራሳቸው ማየት አለባቸው።

ስለዚህ ባሕር ዳር ሄጄ ያገለገለ 19 ኢንች ሞኒተር ገዛሁ። ሻጩ በራሱ ኮምፒውተር አብርቶ አሳየኝ፤ ጥሩ ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ በሚኒባስ አመጣሁት። ላፕቶፔ ሞኒተር የሚሰካባቸው ሁለት ፖርቶች አሏት፤ የድሮው ቪጂኤና አዲሱ ኤችዲኤምአይ። በቪጂኤ ሰካሁት። ሞኒተሩ በርቶ «ኖ ሲግናል» ብሎ ጠፋ። ደግሜ ሰካሁ፤ ያው። ሁለት ቀን ሙሉ ስሰካና ስነቅል፣ ሪስታርት ሳደርግ ዋልኩ። ለነገሩ ሦስተኛው ቀን ላይ የተማርኩትን መጀመሪያ ባውቀው ኖሮ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅብኝም ነበር። የምጽፈውም ለዚህ ነው። እንደኔ በትንሽ ሊኑክስ ላፕቶፕ የምትሠሩ አላችሁ፤ ሁለት ቀን እንዳታጡ።

ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ላፕቶፑ ሞኒተሩን አይቶታል ወይስ አላየውም? ይህን ሳትመልሱ ምንም አትንኩ። ሲስተም አትቀይሩ፤ ፎርማት አታድርጉ፤ አዲስ ኬብል አትግዙ። ካላየው ችግሩ በመንገዱ ላይ ነው፤ ኬብል፣ ኮንቨርተር፣ ፖርት፣ ወይም ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃውን ሁሉ የሚያዘው የሊኑክስ ዋና ክፍል፣ ራሱ። ካየው ግን ኬብሉን ለጊዜው ትታችሁ ከስክሪኑ መጠንና ከሴቲንጉ ትጀምራላችሁ። ሁለቱን መንገዶች አትደባልቁ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስነካካ ነው የጠፋሁት።

ቀላሉን መጀመሪያ ጨርሱ። ሞኒተሩ ላይ ግብዓት የሚመረጥበት ቁልፍ አለ። ኬብሉ ቪጂኤ ሆኖ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲቪአይ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ምንም አታዩም። የኬብሉን ብሎኖች በሁለቱም በኩል አጥብቁ። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ኤፍኤን ቁልፍን ይዛችሁ የስክሪን ሥዕል ያለበትን ቁልፍ አንድ ጊዜ ንኩና ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። የድሮ ቪጂኤ ላይ ከርነሉ አዲስ ነገር መሰካቱን የሚያየው ቶሎ ላይሆን ይችላል። በየጥቂት ሰከንዱ ዞር ብሎ ነው የሚያየው። ደጋግማችሁ ከነካችሁት ይበራና መልሳችሁ ታጠፉታላችሁ።

ካልሆነ ተርሚናል ክፈቱ፤ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። መጀመሪያ የምትጽፉት ትእዛዝ ኤክስራንድር ይባላል። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ኤክስ፣ አር፣ ኤ፣ ኤን፣ ዲ፣ አር ብላችሁ ያለ ክፍተት ጻፉና ኢንተር በሉ። የላፕቶፑን ፖርቶች በየስማቸው ይዘረዝራል። የራሱ ስክሪን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤልቪዲኤስ፣ አዲስ ላይ ኢዲፒ ይባላል። ሌሎቹ ቪጂኤ-1፣ ኤችዲኤምአይ-1፣ ዲፒ-1 እያሉ ይቀጥላሉ። ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ «ኮኔክትድ» ወይም «ዲስኮኔክትድ» ይላል። መልሱ እዚያ ላይ ነው።

እኔ ጋ ግን ሁለቱንም አላለም። አንድ ስክሪን ብቻ ነበር የዘረዘረው፤ ስሙም «ዲፎልት»። ቪጂኤ የሚል ስም የለም፤ ኤችዲኤምአይ የሚል የለም። ጋማ የሚባል ነገር ማግኘት አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያም ከላይ ጽፏል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። «ዲስኮኔክትድ» ማለት ፖርቱን አውቀዋለሁ፣ የተሰካበት ግን የለም ማለት ነው። የኔዋ ግን ፖርት እንዳላትም አታውቅም። ይህ የኬብል ችግር ሊሆን አይችልም። በዓለም ላይ ያለውን ምርጥ ኬብል ብሰካ ለውጥ አይኖረውም።

ይህ የገጠማችሁ ሁሉ ቀጥታ ወደዚህ ሂዱ። ፕሮክ የሚባል ፎልደር ውስጥ ሲኤምዲላይን የሚባል ፋይል አለ። ከርነሉ ሲነሳ ምን ትእዛዝ እንደተሰጠው የሚያሳይ አንድ መስመር ነው። ካት በሚለው ትእዛዝ አንብቡት። የእኔው መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የሚል ቃል ተቀምጦ ነበር። ኖ፣ ሞድ፣ ሴት፣ ሦስቱ ተያይዘው።

ይህ ቃል ክፉ ነገር አይደለም። ሊኑክስ ሲጫን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ እምቢ ሲል ባለሙያዎች ይጨምሩታል፤ ያኔ ይጠቅማል። የሚሠራው እንዲህ ነው። ከርነሉ የግራፊክስ ሾፌሩን፣ ማለትም የሥዕሉን ክፍል የሚያዘውን ፕሮግራም፣ እንዳይጠቀምና ላፕቶፑ ገና ሲበራ በተዘጋጀለት ሥዕል ብቻ እንዲቀጥል ያደርገዋል። ቤቱ ሦስት ክፍል አለው፤ ለተከራዩ የተሰጠው ግን የአንዱ ክፍል ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የራሱ ስክሪን ይበራል፤ ሌላው ፖርት ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ቃሉ ለመጫን ሰዓት ብቻ መሆን ሲገባው እዚያው ተረስቶ ቀርቷል። አሁን ሳስበው ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ። የስክሪኑ ብርሃን በኪቦርድ አይጨምርም አይቀንስም። ቪዲዮ ይንቀጠቀጣል። «አሮጌ ናት» እያልኩ ነበር የማልፈው።

ቃሉን ለማውጣት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ለአንድ ጊዜ ብቻ አውጥታችሁ ሞክሩ። ላፕቶፑን ስታበሩ ሺፍት ተጭናችሁ ያዙ፤ አዳዲሶቹ ላይ ኤስኬፕን ነካ ነካ ማድረግ ነው። ግራብ የሚባለው ዝርዝር ይመጣል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሆናችሁ የእንግሊዝኛውን ኢ ፊደል ንኩ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉና ኖሞድሴትን ብቻ አጥፉ። ከዚያ ኤፍ10 ንኩ። ይህ ለውጥ የሚቆየው ላፕቶፑን እስክታጠፉት ብቻ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ቢሆንባችሁ እንኳ አጥፍታችሁ ስታበሩ እንደ ድሮው ይመለሳል። ይህን ባላውቅ ኖሮ አልደፍርም ነበር። የኔታ ደብተር ግማሹ እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ነው። እርግጥ ከዚያ በፊት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፤ እናንተም ገልብጡ።

በራች። ብርሃኑም በኪቦርድ መታዘዝ ጀመረ። ኤክስራንድር ስጽፍ አሁን ኤልቪዲኤስ-1፣ ቪጂኤ-1፣ ኤችዲኤምአይ-1 ተደርድረው መጡ። ቪጂኤ-1 አጠገብ «ኮኔክትድ» ይላል። ትልቁ ሞኒተርም በራ። በራሴ ቤት ብቻዬን «እሰይ!» ብዬ ጮኽኩ። ቃሉን ለዘለቄታው ለማውጣት ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት በሚለው ፎልደር ሥር ያለውን ግራብ የሚባል ፋይል በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ከፍታችሁ ከመስመሩ ላይ ታጠፉታላችሁ። ቀጥሎ ሱዶ አፕዴት-ግራብ። ይህን ሁለተኛ ትእዛዝ ከረሳችሁት ፋይሉ ተቀይሮም ምንም አይለወጥም።

እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። የኔታ በማግስቱ መጥተው ተቀመጡ። ትንሽ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ፊደሉ ጉም ለብሷል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ትልቅ ነው፤ ግን የደበዘዘ ነው። ሐመሩ ሐ ከነሑና ከነሕ ይደባለቃል። ጸሎቱ ጸ ጠርዙ ተቀላቅሏል። አንድ ጥፋት ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል። የመጀመሪያው ሲነሳ ሁለተኛው ታየ።

የስክሪኑን መጠን፣ ማለትም ወደ ጎንና ወደ ታች ያሉትን ነጥቦች ብዛት፣ ሳይ 1024 በ768 ላይ ነው። ሞኒተሩ ግን የተሠራው ለ1280 በ1024 ነው። እንዲህ ዓይነት ጠፍጣፋ ሞኒተር ጥርት የሚለው በተሠራበት መጠን ብቻ ነው። ሌላ መጠን ስትሰጡት ሥዕሉን ለጥጦ ይሞላዋል። ነጥብ በነጥብ አይገጥምም። ፎቶ ላይ ብዙ ላይታወቃችሁ ይችላል፤ የእኛ ፊደል ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል። የሆሄያችን ልዩነት እኮ በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ቅጥያው ከደበዘዘ ፊደሉ ሌላ ፊደል ይሆናል። ወደ ሴቲንጉ ገባሁ። ከ1024 በ768 በላይ የሚመረጥ ነገር የለም።

ይህ 1024 በ768 የሚል ቁጥር ራሱ ምልክት ነው። ሞኒተር ሲሰካ ለላፕቶፑ ማንነቱን ይናገራል። ማን እንደሠራው፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ። ይህ መረጃ ኢዲአይዲ ይባላል፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። ከርነሉ ቪጂኤ ላይ ሞኒተር እንዳለ አውቆ መታወቂያውን ማንበብ ሲያቅተው በግምት ይሄዳል። ግምቱም ከ1024 በ768 አያልፍም። ስለዚህ ዝርዝሩ እዚያ ላይ ሲቆም ሞኒተሩ ደካማ ነው ብላችሁ አታስቡ። ራሱን ማስተዋወቅ አልቻለም ማለት ነው።

ማረጋገጥ ይቻላል። ሲስ፣ ከዚያ ክላስ፣ ከዚያ ዲአርኤም የሚሉት ፎልደሮች ውስጥ ለእያንዳንዱ ፖርት አንድ አንድ ፎልደር አለ። እያንዳንዱ ውስጥ ስታተስ የሚባል ፋይልና ኢዲአይዲ የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። ስታተስን ካት ስትሉት ከርነሉ ራሱ ኮኔክትድ ወይም ዲስኮኔክትድ ብሎ ይመልሳል። ኢዲአይዲን በደብሊውሲ ትእዛዝ ባይቱን አስቆጥሩት። 128 ወይም 256 ካለ መታወቂያው ደርሷል። 0 ካለ አልደረሰም። የፋይሉን መጠን በፎልደር መስኮት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ እዚያ ሁልጊዜ 0 ነው የሚያሳየው። የግድ ማስቆጠር ነው። የእኔው ተቆጥሮም 0 ሆነ።

አሁን የኬብሉ ተራ ነው። ሥዕሉ ይመጣል፣ መታወቂያው ግን አይመጣም። ይህ እንዴት ይሆናል? የቪጂኤ መሰኪያ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ሆኖ 15 ቦታ አለው። 1፣ 2 እና 3 ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም የሚሄድባቸው ናቸው። 13 እና 14 ሥዕሉን በቦታው የሚያስይዙት ናቸው። መታወቂያው የሚያልፈው በ12 እና በ15 ነው። ሁለቱም በታችኛው ረድፍ ናቸው፤ 12 ከጫፍ ሁለተኛ፣ 15 በሌላው ጫፍ የመጨረሻው። ስለዚህ ቀለሙም ቅርጹም ደህና ሆኖ መታወቂያው ብቻ ሊቀር ይችላል።

ኬብሉን ነቅዬ በስልኬ ባትሪ አየሁት። ከታችኛው ረድፍ ሁለተኛዋ ፒን፣ ትንሿ የብረት እግር፣ ጎንበስ ብላ ግድግዳው ላይ ተኝታለች። ሲታሸግ ወይ ሲሰካ በግድ ተገፍቶ ይሆናል። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳኋት። ብረቷ ለስላሳ ነው፤ አንድ ጊዜ ትመለሳለች፤ ሦስት ጊዜ ካጣመማችኋት ትሰበራለች። ሞኒተሩም ላፕቶፑም ጠፍተው መልሼ ሰካሁ። ሳበራ ዝርዝሩ እስከ 1280 በ1024 ወጣ። ባይቱን ሳስቆጥር 128።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቪጂኤ ኬብል ስታዩ መሐል ረድፍ ላይ አንዷ ፒን፣ 9 ቁጥሯ፣ ከነጭራሹ ላትኖር ትችላለች። ብዙ ኬብል ሲሠራም እንዲያ ነው። ተሰብራለች ብላችሁ ኬብሉን አትጣሉት። ከታችኛው ረድፍ ግን 12 ወይም 15 ከሌለች መታወቂያው አያልፍም። ከላይኛው ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዷ ከጎደለች ደግሞ ቀለሙ ይነግራችኋል። ስክሪኑ ቢጫ ቢጫ ካለ ሰማያዊው ቀርቷል። ወደ ሐምራዊ ካደላ አረንጓዴው ቀርቷል።

ፒኗ የምትመለስ ባትሆንና ሌላ ኬብል እስኪመጣ መሥራት ካለባችሁ፣ መጠኑን በእጅ መንገር ይቻላል። ሲቪቲ የሚል ትእዛዝ ጽፋችሁ ቀጥሎ 1280፣ 1024፣ 60 በሉት። ሞድላይን ብሎ የሚጀምር የቁጥር መስመር ይሰጣችኋል። ሞድላይን ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ሁሉ ቀድታችሁ ለኤክስራንድር በኒውሞድ ትሰጣላችሁ። ከዚያ በአድሞድ ለቪጂኤ-1 ታስመዘግባላችሁ። በመጨረሻም በአውትፑትና በሞድ እንዲጠቀምበት ታዙታላችሁ። ኒውሞድ፣ አድሞድ፣ አውትፑት፣ ሞድ፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ሁለት ሰረዝ አለው። ይህ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። ሦስቱን መስመር በአንድ ፋይል አስቀምጣችሁ ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ በሚለው ሴቲንግ ውስጥ ብታስገቡት በየጠዋቱ ራሱ ይሠራል። ሞኒተሩ የማይችለውን መጠን ብቻ አትስጡት። ጥቁር ሆኖ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ቢላችሁ ወደ ቀድሞው መልሱት።

የኔታ በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ፊደሉን 28 ላይ አድርጌ ጠበቅኋቸው። አንዲት ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ፣ ስክሪኑን ሞልታ ነበር። መነጽራቸውን ሳያደርጉ አነበቧት። ከዚያ በጣታቸው ነካ አድርገው «ይች ብዙኃኑ ኀ ትሁን፤ ሐመሩን ጽፈሻል» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ስህተቱ የኔ ነበር፤ በትንሿ ስክሪን ሁለታችንም አልፈነዋል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ተሰማና ሰው ላፕቶፕ ይዞ መምጣት ጀመረ። ከሁሉ የከበደኝ የአንድ መምህር ነው። ከደምበጫ ነው የመጣው። የእሱ ላፕቶፕ አዲስና ቀጭን ነው፤ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያለው። ትምህርት ቤት ያለው ፕሮጀክተር ደግሞ ቪጂኤ ብቻ። መሐል ላይ ኮንቨርተር አለ። ሥዕሉ ይመጣል፤ አሥር ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል፤ መልሶ ይመጣል። «ሁለት ጊዜ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ያው ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ ድካሙ ይታያል። በማግስቱ ለተማሪዎቹ የክለሳ ትምህርት ነበረው።

«መምህር፣ ከእንግዲህ አንጭንም» አልኩት። ሊኑክስ ሚንት ያለበት ፍላሽ አለኝ። ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ አስነሳነው። እዚያም ሥዕሉ ይጠፋል ይመጣል። ይህች ሙከራ ብዙ ታድናለች። በፍላሽ ከተነሳ ንጹሕ ሲስተም ላይም ያው ጥፋት ካለ፣ የእናንተ ሴቲንግ ጥፋተኛ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ኬብል ቀየርን፤ ያው። መጠኑን ዝቅ አደረግን፤ ያው። የቀረው ኮንቨርተሩ ነው።

ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ የተለያየ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። አንዱ ዲጂታል ነው፤ ሌላው አናሎግ። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ኮንቨርተር ውስጧ የሚሠራ ቺፕ አለ። ቺፑ ኤሌክትሪክ ይበላል። የሚያገኘውም ከኤችዲኤምአይ ፖርቱ፣ በ5 ቮልት መስመሩ ነው። የኤችዲኤምአይ ደረጃ (ስታንዳርድ) ላፕቶፑን የሚያስገድደው በዚያ መስመር 55 ሚሊ አምፔር እንዲሰጥ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይሰጣል። ትንሽ ላፕቶፕ ግን ላይሰጥ ይችላል። ኮንቨርተሯ ሲጎድልባት ትወድቃለች፤ እንደገና ትነሳለች፤ ትወድቃለች። ለዚህ ነው ቢሮ ውስጥ በዴስክቶፕ የሠራች ኮንቨርተር በትንሿ ላፕቶፕ የምታስቸግረው።

መፍትሔው ጎኗ ላይ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላት ኮንቨርተር ናት። አንዱን ዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጎን ሰክታችሁ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ትሰጧታላችሁ። ከአንድ የስልክ ቤት ተውሰን ሞከርን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቆየ። መምህሩ በዚያው ምሽት ደምበጫ ገባ።

ኤችዲኤምአይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኢንቴል ግራፊክስ ባላቸው ላፕቶፖች ኤችዲኤምአይ መታወቂያውን ማንበብ ካልቻለ በግምት አይሄድም። በቀጥታ «ዲስኮኔክትድ» ይላል። ስለዚህ እዚያ ዲስኮኔክትድ ማለት የግድ አልተሰካም ማለት አይደለም። ተሰክቶ መታወቂያው መንገድ ላይ ቀርቶም ይሆናል። በኮንቨርተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከኮንቨርተሩ ወዲያ ያለውን የቪጂኤ ኬብል ፒን ማየት አትርሱ።

ያለ ኮንቨርተር በቀጥታ ኤችዲኤምአይ ሆኖ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ካለ ግን መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ስትወርዱ በኬብሉ የሚያልፈው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ዝቅ ሲል ከረጋ ኬብሉ ደካማ ወይም ከሚገባው በላይ ረጅም ነው። ዩኤስቢ-ሲ ላይ የሚሰካ ኮንቨርተር የገዛችሁ ደግሞ፣ ቀዳዳው ሥዕል የሚያወጣ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ። ብዙ ትናንሽ ላፕቶፖች ላይ ያ ቀዳዳ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ ነው። ምንም ብትጭኑበት ሥዕል አይወጣውም።

መብራት ነገር ላይ ላስጠንቅቃችሁ። እኛ ጋ ብዙ ቤት ሶኬቱ የምድር ሽቦ የለውም። ሞኒተሩ በአንድ ሶኬት፣ ላፕቶፑ በሌላ ሶኬት ሆኖ ኬብል ስትሰኩ እጃችሁን ነዘር ሊያደርጋችሁ ይችላል። ያ ነዘር ፖርቱንም ይነካዋል። ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር ላይ አድርጉ። መጀመሪያ የሥዕሉን ኬብል አጥብቃችሁ ሰክታችሁ ከዚያ መብራቱን አብሩ። ቪጂኤ እየበራ እንዲነቀልና እንዲሰካ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

ክረምት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌላም ነገር ይገጥማል። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጥሏል፤ ሞኒተሩ ግን ጠፍቶ ነው የተነሳው። ሥዕሉ አንዳንዴ ራሱ አይመለስም። ሪስታርት አያስፈልግም። ኤክስራንድር ብላችሁ ሁለት ሰረዝ ኦቶ ጨምሩ። እምቢ ካለ ያንኑ ፖርት መጀመሪያ በኦፍ አጥፉትና ከዚያ በኦቶ አብሩት። እኔ ይህን ለአንድ የኪቦርድ ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። መብራት በመጣ ቁጥር እሷን ብቻ እነካለሁ።

ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ትናንት የሠራ ሞኒተር ዛሬ ጥቁር ከሆነስ? ኤክስራንድር «ኮኔክትድ» እያለ ሥዕል ከሌለ፣ ኤክስኤፍሲኢ ያስቀመጠውን የድሮ ሴቲንግ እየተከተለ ይሆናል። አንድ ቀን ሞኒተሩን ከሴቲንግ አጥፍታችሁት ከነበረ ያስታውሰዋል። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ የተደበቀው ኮንፊግ ሥር፣ ኤክስኤፍሲኢ4፣ ከዚያ ኤክስኤፍኮንፍ፣ ከዚያ ኤክስኤፍሲኢ-ፐርቻነል-ኤክስኤምኤል በሚሉት ፎልደሮች ውስጥ ዲስፕሌይስ የሚባል ፋይል አለ። ስሙን ቀይራችሁ ውጡና እንደገና ግቡ። አትሰርዙት፤ ስሙን መቀየር ይበቃል።

ከአፕዴት በኋላ ከጠፋባችሁ ደግሞ ግራብ ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ብላችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። በዚያ ከሠራ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ነው፤ እስኪታረም በቀድሞው ቀጥሉ።

ያገለገለ ሞኒተር ልትገዙ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። በሻጩ ኮምፒውተር መብራቱ በእናንተው እንደሚበራ አያሳይም። ሱቁ ውስጥ ኬብሉን ነቅላችሁ ፒኑን በስልክ ባትሪ እዩ፤ የሞኒተሩን ቀዳዳም እዩ፤ የተሰበረ ፒን እዚያ ውስጥ ተሰክቶ ሊቀር ይችላል። በራሳችሁ ላፕቶፕ ስታበሩት ኤክስራንድር ጻፉና ትክክለኛው መጠን ዝርዝሩ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ክፈቱ። ፊደሉን አነስ አድርጋችሁ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ጎን ጻፉና አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ እዩት።